መንገዱ የሚቆረጠው የት ላይ ነው?

በዚህች የማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ፈተና ነው። ዛሬ ግን ከግቢው በር ወጣ ብለን ስለ መንገድ ለመጻፍ ተነሥተናል። «መንገድ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚህ አንባቢ የምንሰጠው መልስ በገዛ ክፍላችን ውስጥ ከሆነ አንድ ትንሽ ነገር ይጀምራል።

ባለፈው ወር ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ ሳለን፣ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን አንዲት የክፍል ጓደኛችን የጀመረችውን ሙከራ ሳትጨርስ ደብተሯን ሰብስባ ተነሣች። መምህሩም ቀና ብለው አዩና «ሥራው የሚያልቀው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ ወይስ የሚጠብቅሽ ሰው አለ?» አሏት። ክፍሉ ሣቀ፤ እኛም አብረን ሣቅን። እርሷ አንገቷን ደፍታ ወጣች። በማግሥቱ ጠጋ ብለን ምክንያቱን ብንጠይቃት፣ «እኔን ማንም አይጠብቀኝም፤ ታክሲ የምጠብቀው እኔ ነኝ» አለችን። ቤቷ ከሰበታ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከወላጆቿ ጋር መሆኑን ያን ቀን ሰማን። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ስንማር ይህን አለማወቃችን አሳፈረን። «የሣቃችሁት መንገዱን ስለማታውቁት ነው፤ አንድ ቀን አብራችሁኝ ኑና እዩት» ስትለንም እሺ አልን።

አንድ ሐሙስ ቀን ከእኛ ሦስቱ፣ የቤተ ሙከራው ሥራ እስኪያልቅ ከእርሷ ጋር ቆይተን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከግቢው በር ተነሣን። እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ያለ ችግር ደረስን። ከዚያ ወደ አየር ጤና ለመሄድ የተሰለፈው ሕዝብ የሰልፉ መጀመሪያ ከመጨረሻው የማይታይ ስለ ነበረ፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆምን። ተራችን ሲደርስ የመጣው ታክሲ ረዳት «እስከ ጦር ኃይሎች ብቻ!» ብሎ ጮኸ። ምርጫ ስላልነበረን ከፍለን ገባን፤ ጦር ኃይሎች ወርደን እንደገና ሌላ ታክሲ ጠብቀን፣ እንደገና ከፍለን አየር ጤና ደረስን። ያ የመጀመሪያው ታክሲ እኛን ካወረደ በኋላ ባዶውን ወደ አየር ጤና ሲያልፍ በዓይናችን አይተነዋል። ይህን የታክሲ ሰዎች «መቆራረጥ» ይሉታል። አንዱን መንገድ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

አየር ጤና ስንደርስ ጨልሟል። «ሰበታ! ዓለም ገና!» እያሉ የሚጣሩት ቀን ከሚከፈለው እጥፍ ጠየቁ፤ ሌሎቹም «በኮንትራት ካልሆነ አንሄድም» አሉ። በመጨረሻ ባንድ ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አምስት ሆነን ተጣብቀን ተጓዝን። ሰበታ አስፋልቱ ዳር ስንወርድ ደግሞ የባጃጅ ነጂው «ከመሸ ወደዚያ አልገባም፤ ጭቃ ነው» ብሎ እምቢ አለን፤ አልፈረድንበትም፤ ጭቃውን ኋላ አየነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በጨለማ በእግራችን ሄድን። ከመንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው ጋቢ ለብሰው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ቆመው አገኘናቸው። አባቷ ናቸው። ልጃቸው በመሸባት ቀን ሁሉ እዚያ ቦታ ይቆማሉ። ለካስ የሚጠብቃት ሰው ነበረ።

ቤት ስንገባ ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ሆኗል። ከአዲስ አበባ መሀል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ለምትርቅ ከተማ የጉዟችን ጊዜ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። እናትዮዋ እራት አቀረቡልን፤ መመለሻ ስላልነበረን እዚያው አደርን። አባትዮው በእራት ላይ፣ «ልጆቼ፣ እኛ የላክናት ትምህርት እንድትማር ነው፤ እርሷ ግን መንገድ ስትማር ትውላለች» አሉን። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጓደኛችን ተነሥታ ስትለብስ ሰማናት። እኛም ተነሣን። በዚያ ጨለማ ወደ አስፋልቱ የሚጓዘው ሰው ብዛት ግን ከሁሉ ይልቅ አስደነቀን፤ የግንበኛ ረዳቱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ወተትና አትክልት ተሸክሞ ለገበያ የሚጣደፈው፣ የደንብ ልብስ የለበሰው ተማሪ፣ ሁሉም በአንድነት ይተማል።

ተወዳጅ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ያወጋነው ለማሳዘን ብለን አይደለም። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፤ ይህ መንገድ የሚቆረጠው የት ላይ ነው? ለምንስ ይቆረጣል?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የአገሩን አቀማመጥ ማስታወስ ያሻል። ከአዲስ አበባ አምስት ታላላቅ መንገዶች እንደ እጅ ጣት ተዘርግተው ይወጣሉ። አንዱ በዓለም ገናና በሰበታ ወደ ጅማ፣ ሁለተኛው በቡራዩና በሆለታ ወደ አምቦ፣ ሦስተኛው እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ወደ ጎጃም፣ አራተኛው በለገጣፎና በሰንዳፋ ወደ ደሴ፣ አምስተኛው በገላን፣ በዱከምና ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ወደ አዳማ ያመራል። ከእነዚህ ከተሞች አብዛኞቹ ያደጉት በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነው። ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ጣት ለመሻገር ደግሞ ባመዛኙ መዳፉን መርገጥ ግድ ይሆናል። የቡራዩ ሰው ሱሉልታ ያለ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲነሣ በአስኮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይገባና በአዲሱ ገበያ በኩል ይወጣል።

ዋና ከተማውና አካባቢው ከመጀመሪያ ጀምሮ አንዱ ያለ ሌላው የኖሩበት ጊዜ የለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙ ሳትቆይ የማገዶ እንጨት ስላለቀባት፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ከሆለታ ወዲያ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋን አዳናት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና አቃቂን እየነካ ነው የገባው። ዛሬም ቢሆን የከተማው ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ በቡራዩ በኩል ካለው ከገፈርሳ፣ በለገጣፎ በኩል ካለው ከለገዳዲ ግድብ በቧንቧ ይመጣል። የአድአ ጤፍ በዱከም መንገድ፣ ወተቱ በሱሉልታና በሰንዳፋ መንገድ ይገባል። ልብ በሉ፤ ውሃው ከገፈርሳ ሲነሣ ድንበሩ ላይ ውረድና ሌላ ቧንቧ ጠብቅ የሚለው የለም። በውሃው አጠገብ የሚኖረው ሰው ግን ይህ ይደርስበታል።

ለመንገድና ለባቡር ገንዘብ ሳይወጣ ቀርቶ አይደለም። በፈረንጆች 2014 የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ ፈጣን መንገድ ተከፈተ። መኪና ላለውና ሩቅ ለሚሄድ ትልቅ በረከት ነው፤ ዳሩ ግን በአጥር የተከለለ ስለ ሆነ ከየመንደሩ ደጃፍ ተሳፋሪ ማንሣት ሥራው አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ እንዲያልቅ ተደርጎ ተሠራ። ከአያት ወዲያ ለገጣፎ አለ፤ ከቃሊቲ ወዲያ ገላን አለ። እንደገና በመስከረም 2009 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። መነሻው ከሰበታ ነው፤ በለቡ አልፎ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን ይነካል። በካርታ ላይ ስናየው ለሠራተኛና ለተማሪ ታስቦ የተሰመረ ይመስላል፤ የታሰበው ግን በመሠረቱ ለወደብ ጭነትና ለሩቅ መንገደኛ ነው።

እነዚህን ሥራዎች ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ እያንዳንዳቸው የታሰቡበትን ጉዳይ ለመፈጸም የተሠሩ ናቸው። የእኛ አቤቱታ ሌላ ነው። ከከተማው ጫፍ እስከ አጎራባቹ ከተማ ባለው በዚያ በአሥርና በሃያ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጉዞውን ከመነሻው እስከ መድረሻው የእኔ ነው የሚል ባለቤት የለም። በከተማው ውስጥ ላለው ማጓጓዣ መስመሩን የሚደለድለውና ታሪፉን የሚያወጣው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን የሚመለከተው የክልሉ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ወሰን ሥራቸውን ቢሠሩም፣ ተሳፋሪው ወሰን ላይ ይወርዳል። መንገዱ የሚቆረጠው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ሳይቆረጥ ኃላፊነቱ ይቆረጣል። ረዳቱ ጦር ኃይሎች ላይ የሚቆርጠውማ ያንኑ ትልቁን መቆረጥ አይቶ የተማረው ነው።

እዚህ ላይ በግቢያችን ውስጥ ሲነገሩ ለሰማናቸው ሦስት ሐሳቦች መልስ መስጠት ይገባናል።

አንደኛው «ትምህርትና ሥራ ያለበት ሰው ለምን ቀረብ ብሎ አይኖርም?» የሚለው ነው። ይህን የሚለው የቤት ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሰበታም ሆነ ቡራዩ፣ ለገጣፎም ሆነ ገላን ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ወደዚያ የወጣው አየሩ ተስማምቶት ሳይሆን የአዲስ አበባ ኪራይ ገፍቶት ነው። ሌላው ደግሞ ከአባት ከአያት ጀምሮ እዚያው የተወለደ ነው፤ ከተማው ነው ወደ እርሱ የሄደው እንጂ እርሱ ወደ ከተማው አልመጣም። ለሁለቱም «ቀረብ ብለህ ኑር» ማለት ለተራበ ሰው «ለምን አትበላም?» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው «ጥፋቱ የታክሲ ነጂዎች ስግብግብነት ነው» የሚለው ነው። በመሥመሩ ላይ የሚፈጸመውን በደል በራሳችን አይተነዋልና አንሸፍነውም። ነገር ግን ማታ ሰበታ ድረስ ሰው ጭኖ የሄደ ነጂ ባዶውን ሊመለስ እንደሚችል፣ ነዳጁም የሚገዛው በዚያው በባዶው ጉዞ ጭምር እንደ ሆነ አስቡ። ረዳቱም ከእኛ ብዙዎቹን የሚያክል ልጅ ነው፤ የሚለየን እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንማር እርሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ መዋሉ ነው። የታክሲ ሰው የሚናገረውን ያለ መስማት ምን እንደሚያመጣ የአገራችን ታሪክ ያውቃል፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ነገሩ ስለ ታክሲ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ስለዚህ ነጂውን መስደብ ቀላል ነው፤ ማታ ቢሄድ የማይከስርበትን አሠራር ማበጀት ግን የባለሥልጣን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። «ይህ የወሰን ነገር ስለ ሆነ ባይነካ ይሻላል» ይሉናል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች በአንድ ፕላን ለማቀናጀት በቀረበው ሐሳብ ምክንያት በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሥቶ ተማሪዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተወስኗል። ገበሬው መሬቱን አጣለሁ ብሎ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ሰበታንና ገላንን የመሳሰሉትን አንድ አድርጎ ሸገር ከተማን መሥርቷል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ወሰኑ እዚህ ይሁን ወይም እዚያ ይሁን አንልም። የምንለው ወሰን ሳይነቃነቅ አውቶቡስ ሊነቃነቅ እንደሚችል ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አጥራቸውን ሳያፈርሱ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አጥር ማፍረስ ሳይሆን መነጋገር ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውም ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲነጋገር ነው። ባንድ ወረቀት ላይ ሁለት ፊርማ ቢያርፍ፣ ከአየር ጤና ሰበታ የሚሄደው አውቶቡስ ከሜክሲኮ ሊነሣ ይችላል። ማንም ከመሬቱ አንዲት ጋት አያጣም።

እስካሁን የተናገርነው ወደ ከተሞቹ ስለ መድረስ ነው። ከደረሱ በኋላ በውስጣቸው መዘዋወርም የራሱ መከራ አለው። አውራ ጎዳናው ከተማውን ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከባድ መኪናው፣ ቅጥቅጡ፣ ባጃጁና እግረኛው በአንድ መንገድ ይሻማሉ። በቢሾፍቱ ጋሪውም ይጨመርበታል፤ ለጎብኚ የሚያምር ቢሆንም ለነዋሪው ግን ጋሪው ጌጥ ሳይሆን እግሩ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር እንደ ሆነ ይነገራል፤ በእነዚህ ከተሞችም የጉዞው የመጨረሻ ክፍል ያለ እግር አይፈጸምም። ዳሩ ግን የመንገድ ዕቅድ ሲወጣ ቀድሞ የሚታሰበው ጎማ ያለው ነው፤ እግር ያለው በኋላ ቦታ ከተረፈ ይታሰብለታል። የእግረኛ መንገድ፣ የመሻገሪያ ምልክት፣ ማታ የሚበራ መብራት፣ ክረምት የማይበላው የጠጠር ንጣፍ፣ እነዚህ አራቱ ከባቡር ይልቅ ርካሽ ናቸው። ያች ጓደኛችን ያን ግማሽ ሰዓት በጨለማ የምትሄደው ባቡር ስለሌለ ሳይሆን አንድ አምፖል ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ ጽፈን እንዳንቀር የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

ከሁለቱ አስተዳደሮች የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ በአምስቱም መንገዶች ላይ ከከተማው መሀል ተነሥቶ ሳይቆረጥ አጎራባቹ ከተማ የሚደርስ አውቶቡስ በስምምነት ይመደብ። ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ አንበሳ አውቶቡስ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አንዳንድ መስመሮቹን ከከተማው ክልል አሳልፎ ሲያስኬድ የኖረ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ማለዳ የሚነሣበትና የመጨረሻው ማታ የሚነሣበት ሰዓት ተጽፎ በመናኸሪያው ይለጠፍ፤ የተለጠፈውም ይፈጸም። መንገደኛን የሚያደክመው መዘግየቱ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። ሦስተኛ፣ የሙሉው ጉዞ ዋጋ በየመኪናው በር ላይ ይጻፍ፤ በመንገድ ላይ የቆረጠም የመጀመሪያውን ገንዘብ ይመልስ። አራተኛ፣ ባዶ ለሚመለስ የማታ መኪና ኪሣራውን የሚያካክስ ደንብ ይውጣ። አምስተኛ፣ ከሰበታ እስከ አዳማ በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ለማለዳና ለማታ መንገደኛ የሚሆን የጉዞ ሰዓት በየጣቢያው ተለጥፎ እናይ ዘንድ እንፈልጋለን። ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ የቀረው ሰዓት መቁጠር ነው።

ከዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደርና ከመምህሮቻችን ደግሞ በአክብሮት የምንጠይቀው አለን። ማታ ማታ የሠራተኞች ሰርቪስ አውቶቡሶች ወደ እነዚሁ ከተሞች አቅጣጫ ሲወጡ ባዶ ወንበር ይዘው እንደሚሄዱ በር ላይ ቆመን አይተናል። ለተመላላሽ ተማሪ ያ ባዶ ወንበር ቢፈቀድለት በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ማስታወቂያ ይበቃዋል። የቤተ ሙከራ ሰዓት ሲደለደልም የሩቅ ቤት ያለው ተማሪ በጠዋቱ ክፍል እንዲገባ ይፈቀድለት። በቤተ መጻሕፍት ብቻ የሚነበበውን መጽሐፍ ተመላላሹ ለአንድ ሌሊት ወስዶ ማለዳ እንዲመልስ ይደረግ፤ ማታ ቆይቶ ማንበብ የማይችለው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለምና። ሙከራው ሳያልቅ የተነሣችውን ተማሪ ከመገሠጽ በፊትም የት እንደምትሄድ መጠየቅ ደግ ነው። ይህን የምንለው መምህራችንን ለመውቀስ አይደለም፤ የሣቅነው እኛ ነን።

ከራሳችንም የሚጠበቅ አለ። እኛ በማደሪያ ቤት የምንኖር ተማሪዎች ስለ ሕዝብ ብዙ እንናገራለን። ሕዝቡ ግን ሌሊት አሥር ተኩል ላይ ሲነሣ እኛ ተኝተናል፤ ማታ በሰልፍ ሲቆም እራት ላይ ነን። ማኅበራችን በመጪው ወር በአራት መናኸሪያዎች፣ ይኸውም በአየር ጤና፣ በአስኮ፣ በላምበረትና በቃሊቲ፣ እንዲሁም የሱሉልታ ታክሲዎች በሚነሡበት በአዲሱ ገበያ፣ ለአንድ ሳምንት ማለዳና ማታ ተማሪዎችን አቁሞ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወርድና ስንት እንደሚከፍል ለመቁጠር አስቧል። የስታቲስቲክስና የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ይህ ከመማሪያ መጽሐፍ ያልተቀዳ ልምምድ ነውና ስማችሁን በማኅበሩ ቢሮ አስመዝግቡ። ቆጥረን ያገኘነውን ለሁለቱም አስተዳደሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ደብዳቤ እናቀርባለን፤ አንዱ በሌላው እንዳያመካኝ። ቁጥር ይዞ የሚጠይቅን ሰው በ«እናስብበታለን» መመለስ ያስቸግራል።

እስከዚያውም ድረስ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። በፈተና ሰሞን በየማደሪያ ክፍሉ ሥርዓቱ በፈቀደ መጠን አንድ ተመላላሽ ጓደኛ እናሳድር። ፍራሽ ለሁለት ይበቃል፤ ካልበቃም እኛ ያን ሌሊት በሰበታ መሬት ላይ ተነጥፎልን ተኝተን አላመመንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ዘወትር በስብሰባ ላይ እንጠቅሰዋለን፤ ዛሬ በክፍላችን እንጀምረው።

ይህን ጽሑፍ ከማባዣው በፊት ለዚያች ጓደኛችን አስነበብናት። አንድ ነገር ብቻ እንድናርም ጠየቀችን። «አባቴ ሽማግሌ አይደለም፤ በጨለማ ስላያችሁት ነው» አለች። ሐሳቧን እዚህ ላይ ጽፈናል፤ ከላይ ያለውን ግን ሳናርመው ትተነዋል፤ ያን ማታ ለእኛ የታዩን እንደዚያ ነውና። ሰውን በየቀኑ በመንገድ ዳር ማቆም ያስረጃል። ትናንት ሐሙስም በአሥር ሰዓት ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ የቀረውን ሙከራ እኛ ጨርሰን ውጤቱን ገለበጥንላት። በዚህ ግን አንኮራም፤ ልትማረው የመጣችው ሙከራውን እንጂ ውጤቱን አልነበረምና።